የኢሜይል ሰርቨር ቋሚ አይፒ ይኑረው ብሎ ማስገደድ ይገባል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ፖስትፊክስና ዶቭኮት በተባሉ ፕሮግራሞች የራሳችንን የኢሜይል ሰርቨር ተክለናል። መስመራችን ተለዋዋጭ አይፒ (በየጊዜው የሚቀየር የኢንተርኔት አድራሻ) ነው፤ አድራሻው ሲቀየር ዳይናሚክ ዲኤንኤስ (የዶሜይን ስማችንን ወደ አዲሱ አይፒ የሚያዞር አገልግሎት) ያስተካክልልናል። ወደ እኛ የሚመጣው ኢሜይል ችግር የለበትም። የምንልከው ግን ጂሜይልና አውትሉክ ላይ ይመለሳል ወይም ስፓም ውስጥ ይገባል። የኢሜይል ሰርቨር ቋሚ አይፒ ሊኖረው ይገባል የሚል ደንብ አለ? ከሌለስ ሊኖር ይገባል? ኃላፊዬ ወጪውን ከመፍቀዱ በፊት ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቆኛል።»

ምላሽ፦

የመጀመሪያው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለው፤ እንዲህ የሚል ደንብ በመስፈርቶቹ ውስጥ የለም። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበትን ኤስኤምቲፒ ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 አርኤፍሲ 821 በተባለ የኢንተርኔት መስፈርት ሰነድ አወጣው፤ ዛሬ የምንሠራበት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አርኤፍሲ 5321 ነው። ሁለቱንም ከዳር እስከ ዳር ቢያነቡ አድራሻው ቋሚ ይሁን የሚል ግዴታ አያገኙም። እንዲያውም አርኤፍሲ 5321 ላኪው ሰርቨር ራሱን ሲያስተዋውቅ የጠራው ስም ከአይፒው ጋር ባይገጥም እንኳ፣ ተቀባዩ በዚያ ምክንያት ብቻ መልእክቱን እንዳይመልስ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው አርኤፍሲ 2645 ደግሞ ለተለዋዋጭ አይፒ የተዘጋጀ መሆኑን ርእሱ ላይ ሳይቀር ይናገራል። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሊኖር ይገባል ወይ ለሚለው ግን መልሴ ረዘም ይላል። ለሚልክ ሰርቨር ግዴታው አያስፈልግም። ለሚቀበል ሰርቨር ግን ያስፈልጋል፤ ግዴታውንም በራሱ ላይ መጣል ያለበት የዶሜይኑ ባለቤት ነው። እርስዎ ነገሩን ያዩት በተቃራኒው ነው። መላኩ ስላስቸገረዎትና መቀበሉ ስለቀናዎት አደጋው ያለው በመላኩ በኩል መስሎዎታል። አብዛኛው ሰውም እንዲሁ ነው የሚያስበው።

ቢሆንም ከሚመለስብዎት ኢሜይል ልጀምር። ሰዎች በስልክ መስመር እየደወሉ ኢንተርኔት ይገቡ በነበረበት ዘመን ስፓም ላኪ ለጥቂት ደቂቃ ይገባል፣ መልእክቱን በቀጥታ በተቀባዮች ሰርቨር ላይ ያፈሳል፣ ይወጣል። ተመልሶ ሲገባ ሌላ አድራሻ ይዟል። ያን አድራሻ ማገድ ጥፋተኛውን ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የደወለውን ሰው ማገድ ነበር። ፖል ቪክሲ እ.ኤ.አ. በ1997 በዲኤንኤስ (ስምን ከአይፒ ጋር በሚያገናኘው ሥርዓት) የሚጠየቅ የእገዳ ዝርዝር ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የደዋይ ደንበኞች አድራሻዎች ለብቻቸው መመዝገብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሶቢግን የመሰሉ ቫይረሶች የቤት ኮምፒውተሮችን ባለቤቶቹ ሳያውቁ የስፓም ማስተላለፊያ ሲያደርጓቸው ነገሩ ባሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ከተራ ደንበኛ መስመር፣ ሰርቨሮች ኢሜይል በሚለዋወጡበት በፖርት 25 የሚወጣውን ዘጉ፤ ተቀባዮችም ከእንዲህ ያለ አድራሻ በቀጥታ የሚመጣውን ባለመቀበል ጸኑ።

ዛሬ በዚህ ረገድ በሰፊው የሚሠራበት ዝርዝር የስፓምሃውስ ፒቢኤል ነው። አድራሻዎ እዚያ ውስጥ መገኘቱ ስፓም ልከዋል ማለት አይደለም። ከዚህ አድራሻ ኢሜይል በቀጥታ ሊወጣ አይገባም የሚል ምዝገባ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያስመዘግበው አቅራቢው ራሱ ነው። ዜን የተባለውን ጥምር ዝርዝራቸውን ሲጠይቁ የሚመለሰው ኮድ 127.0.0.10 ከሆነ አቅራቢው ያስመዘገበው ነው፤ 127.0.0.11 ከሆነ ደግሞ ስፓምሃውስ ራሱ ያስገባው። አውትሉክ የሚመልስልዎት የስህተት መልእክት ውስጥ የስፓምሃውስን ስም ያገኙት ይሆናል። ጂሜይል ደግሞ ይህ አይፒ በቀጥታ ወደ ሰርቨሮቻችን እንዲልክ አልተፈቀደለትም፣ በአቅራቢህ ሪሌይ (መልእክትን ተቀብሎ በሚያስተላልፍ ሰርቨር) ላክ ይላል። ብዙ ሰው ይህን አንብቦ ይናደዳል እንጂ ምክሩን አይሰማም። ምክሩ ግን ትክክለኛ መፍትሔ ነው።

ልብ ይበሉ፤ ጂሜይል ቋሚ አይፒ አምጣ አላለም። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግል ከማንኛውም ላኪ የሚጠይቀው ኤስፒኤፍ (በዶሜይኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸው አይፒዎች ዝርዝር) ወይም ዲኪም (የዶሜይኑ ዲጂታል ፊርማ)፣ ወደፊትም ወደ ኋላም የሚገጥም ዲኤንኤስ፣ በቲኤልኤስ የተመሰጠረ ግንኙነትና ከ0.3% በታች የሆነ የስፓም አቤቱታ ነው። በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል ለሚልኩ ኤስፒኤፍም ዲኪምም፣ ከዲማርክ (ፍተሻውን ያላለፈ መልእክት ምን ይደረግ ከሚለው የዶሜይኑ መመሪያ) ጋር፣ ግዴታ ናቸው። «ወደ ኋላ የሚገጥም» ማለት አይፒዎ ሲጠየቅ ስምዎን የሚመልስ ፒቲአር ሪከርድ ይኑረው፣ ያ ስምም ተመልሶ ወደዚያው አይፒ ይምራ ማለት ነው። ፒቲአሩን የሚያስገባው የአድራሻው ባለቤት የሆነው አቅራቢ ነው፤ እርስዎ ዶሜይንዎን ያስመዘገቡበት ቦታ ገብተው ሊያስገቡት አይችሉም። ስለዚህ ቋሚ አይፒ ገዝተው ፒቲአር ካላስገቡ ገንዘብዎን አውጥተው እዚያው ነዎት። ቋሚ አይፒ ገዛን፣ አሁንም ይመለስብናል የሚሉ ድርጅቶች ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ፒቲአሩ ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ አቅራቢው በጅምላ ያስገባው ቁጥር የበዛበት ስም ነው።

ለመላክ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግዎትም። ፖስትፊክስ የሚያወጣውን ሁሉ በስምና በይለፍ ቃል፣ በፖርት 587 ወይም 465፣ ጥሩ ስም ላለው ሪሌይ እንዲያስረክብ ያድርጉት። ጂሜይል የሚያየው የሪሌዩን አይፒ ነው፤ የቢሮዎ አይፒ በቀን አሥር ጊዜ ቢቀየር ማንም ግድ የለውም። የሪሌዩን አድራሻዎች ኤስፒኤፍዎ ውስጥ ያስገቡ፤ ኤስፒኤፍ ሲፈተሽ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ እንዳያስነሳ ብቻ ይጠንቀቁ። በዲኪም ይፈርሙ። የዲኪም ፊርማ የታሰረው በዶሜይንዎ ነው፤ አይፒው ምንም ይሁን ምን ፊርማው ይጸናል። የላኪ ማንነት ከአድራሻ ወደ ዶሜይን ከተሸጋገረ ቆይቷል። በዚህ ጊዜ ላኪ ሁሉ ቋሚ አይፒ ይያዝ ብሎ ማስገደድ ያለፈ ዘመን መለኪያን ወደ ሕግ ማሳደግ ነው። ስፓምንም አይቀንስም፤ ዛሬ ስፓም ላኪው ቪፒኤስ (የኪራይ ምናባዊ ሰርቨር) ተከራይቶ ቋሚ አይፒና የተስተካከለ ፒቲአር ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሌላም ምክንያት አለ። ቋሚነት ከውጭ አይታይም። ወደ እኔ የመጣው ፓኬት ላይ «ይህ አድራሻ ነገም የዚሁ ሰው ነው» የሚል ምልክት የለም፤ ቋሚነት በእርስዎና በአቅራቢዎ መካከል ያለ ውል ነው። እንዲህ ያለ ግዴታ መስፈርት ውስጥ ቢጻፍ ተቀባዩ የሚያስፈጽመው በግምት ነው፤ ፒቲአሩ ውስጥ ቁጥር ከበዛ ተለዋዋጭ ነው ብሎ ይጥለዋል። ዛሬም ይህን የሚያደርጉ ሰርቨሮች አሉ። የሚጎዱትም በአብዛኛው በሕጋዊ ገንዘብ ቋሚ አይፒ ገዝተው አቅራቢያቸው ስም ያላስተካከለላቸው ትንንሽ ድርጅቶች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። «ወደ እኛ የሚመጣው ችግር የለበትም» ብለዋል። ከደብዳቤዎ ውስጥ ያሳሰበኝ ይህ ነው።

ቢሮዎ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን አንድ በአንድ እንከተል። ሞደሙ ይጠፋል፤ አቅራቢው መስመሩ ተቋርጧል ብሎ አይፒዎን ወደ ክምችቱ ይመልሳል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያው አይፒ ጄኔሬተር ላለው ሌላ ደንበኛ ይሰጣል። የእርስዎ ኤምኤክስ ሪከርድ (ለዶሜይንዎ የሚመጣ ኢሜይል የት ይድረስ የሚለው የዲኤንኤስ መዝገብ) ግን አሁንም ወደዚያ አይፒ ይመራል። ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ሪከርዱን የሚያድሰው ቢሮ ውስጥ ባለ መሣሪያ በኩል ነው፤ መሣሪያው ደግሞ መብራት የለውም። ቲቲኤሉን 60 ሰከንድ ብናደርገውስ ይሉ ይሆናል። ቲቲኤል የሚያሳጥረው አሮጌ መልስ በሌሎች ካሽ (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ነው። እዚህ ግን አሮጌ የሆነው ሪከርዱ ራሱ ነው፤ በየ60 ሰከንዱ ቢጠየቅም የሚመልሰው ያንኑ የተሳሳተ አይፒ ነው። መብራቱ ለአራት ሰዓት ከጠፋ ለአራት ሰዓት የድርጅትዎ የፖስታ ሳጥን ቁልፍ በማያውቁት ሰው እጅ ነው።

በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ከሦስት አንዱ ይሆናል። አድራሻውን የያዘው ደንበኛ ፖርት 25 ላይ ምንም ከሌለው ግንኙነቱ ይከሽፋል፤ ላኪው ሰርቨር መልእክቱን ወረፋ ውስጥ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል። መስፈርቱ ላኪዎች ተስፋ ከመቁረጣቸው በፊት ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲሞክሩ ስለሚጠይቅ መብራት ሲመለስ ኢሜይሉ ይደርስዎታል። እስካሁን ችግር የሌለበት የመሰለዎት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ያ ደንበኛ እንደ እርስዎ የኢሜይል ሰርቨር ያለው ቢሆንስ? የእርሱ ሰርቨር ዶሜይንዎን ስለማያውቅ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ በ5 በሚጀምር ኮድ ይመልሰዋል። በኤስኤምቲፒ በ4 የሚጀምር ኮድ ቆይተህ ሞክር ማለት ነው፤ በ5 የሚጀምር ግን የመጨረሻ እምቢታ ነው። ላኪው ሰርቨር አይደግምም። መልእክቱ እዚያው ያበቃና ቻይና ጓንግዡ ያለው ዕቃ አቅራቢዎ አድራሻዎ እንደሌለ የሚናገር ማስታወቂያ ይደርሰዋል። እርስዎ ሎግዎን ቢፈትሹ ምንም አያዩም፤ መልእክቱ እርስዎ ጋ አልደረሰምና። በዚህ መንገድ የጠፋን ፕሮፎርማ ማንም አይቆጥረውም፤ ዕቃ አቅራቢው ዝም አለ ተብሎ ይታለፋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ ያ ማሽን ለማንም የመጣውን ሁሉ የሚቀበል ከሆነ ኢሜይልዎ ገብቶ ይነበባል። በቲኤልኤስ የተመሰጠረ ነው ብለው አይጽናኑ። አብዛኛው ላኪ ሰርቨር ምስጠራውን የሚጠቀመው ከተገኘ ብቻ ነው፤ ሰርተፍኬቱ (የሰርቨሩ መታወቂያ) የማን እንደሆነ አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ለተሳሳተው ማሽን በሚገባ አመስጥሮ ያስረክበዋል። አስመጪ ድርጅት ነዎት። በኢሜይልዎ የሚመጣው የኤልሲ ሰነድ፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የዕቃ አቅራቢ የሒሳብ ቁጥር ነው። የሒሳብ ቁጥር ቀይሮ የሚያጭበረብር ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም። ለዶሜይንዎ የሚመጣውን ኢሜይል ለጥቂት ሰዓት የሚቀበል ሰው የይለፍ ቃል ማደሻ ሊንኮችንም ይቀበላል፤ የሰርተፍኬት ሰጪዎች የዶሜይን ባለቤትነትን ከሚያረጋግጡባቸው መንገዶች አንዱም ወደ አድሚን ወይም ፖስትማስተር አድራሻ ኢሜይል መላክ ነው።

ይህ የመሆን ዕድሉ በአንድ መብራት መጥፋት ትንሽ ነው፤ አላጋንንም። ነገር ግን መብራቱ በጠፋ ቁጥር ዕጣው እንደገና ይወጣል። ደግሞ ኢሜይሉ የእርስዎ ብቻ አይደለም። የጻፈልዎት ሰው ምስጢሩን አምኖ የላከው ወደ ዶሜይንዎ ነው፤ መስመርዎ ተለዋዋጭ መሆኑን አያውቅም፣ ሊያውቅ የሚችልበትም መንገድ የለም። በመላክ በኩል ቸልተኛ ቢሆኑ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት፤ መልእክትዎ ይመለሳል፣ ያውቁታልም። በመቀበል በኩል ቸልተኛ ቢሆኑ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው፣ እርስዎም አያውቁትም። ግዴታው በመቀበል በኩል ይጥበቅ የምለው ለዚህ ነው፦ ኤምኤክስዎ ከእርስዎ ፈቃድ ውጪ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ወደሚችል አድራሻ ፈጽሞ አይምራ። ይህ በክላውድ ላይ ያሉትንም ይመለከታል። ቪፒኤሱን ዘግቶ ሪከርዱን የረሳ ሰው ያለበት አደጋ ከእርስዎ ጋር አንድ ነው፤ የተለቀቀውን አይፒ ቀጣዩ ተከራይ ይወስደዋል።

ኤምቲኤ-ኤስቲኤስ የተባለው መስፈርት (አርኤፍሲ 8461፣ እ.ኤ.አ. 2018) ላኪዎች ሰርተፍኬትዎን ሳያረጋግጡ እንዳያስረክቡ ያደርጋል፤ ጂሜይልም ያከብረዋል። የፖሊሲ ፋይሉ ቢሮዎ ባልሆነ ቋሚ ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት። ያድርጉት፤ ግን የሚጠብቅዎት ከሚፈትሹት ላኪዎች ብቻ ነው፤ የማይፈትሹት ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቢሮው ራሱ ቋሚ አይፒ ባይኖረውም ይቻላል። ርካሹ መንገድ ኤምኤክሱን ቋሚ አድራሻ ወዳለው ሌላ ሰርቨር ማዞር ነው፤ ያ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ አቅራቢም ሊሆን ይችላል፣ ትንሽ ቪፒኤስም። ቪፒኤሱ ውጭ አገር ከሆነ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ አስቀድመው ያስቡበት። ያ ሰርቨር ኢሜይሉን ይቀበላል፣ ይይዛል፤ የቢሮው ማሽን ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ በዋየርጋርድ (የተመሰጠረ ግንኙነት በሚፈጥር ፕሮግራም) ቦይ ይዘረጋና በዚያ ውስጥ ይረከባል። መብራት ቢጠፋ ኢሜይሉ ወረፋ ውስጥ ይጠብቃል፤ ቢሮው በየትኛውም አይፒ ቢመለስ ቦዩን የሚከፍተው በራሱ ቁልፍ ነውና ሌላ ሰው ሊተካው አይችልም። ያነሳሁልዎት አርኤፍሲ 2645 ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ተለዋዋጭ አይፒ ያለው ሰርቨር ራሱ ይደውላል፣ ማንነቱን ያረጋግጣል፣ ከዚያ የተጠራቀመውን ይረከባል። ዛሬ ያን ፕሮቶኮል የሚጠቀም ብዙ አያገኙም፤ መርሁ ግን አላረጀም። መስመርዎ ከሲጂናት (አቅራቢው አንድ አይፒ ለብዙ ደንበኞች ከሚያጋራበት ሥርዓት) ጀርባ ከሆነ፣ ማለትም ራውተሩ ከውጭ የያዘው አይፒ በ100.64 እና በ100.127 መካከል የሚጀምር ከሆነ፣ ከውጭ ማንም በቀጥታ ሊደርስብዎት ስለማይችል ይህ ብቸኛው መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

ከአቅራቢው ቋሚ አይፒ መግዛትም ንጹሕ መፍትሔ ነው፤ አቅም ካለ እመርጠዋለሁ። ዋጋ ለምን ይጠየቅበታል ለሚለው፣ የአይፒቪ4 አድራሻ እጥረት እውነተኛ ነው። የዓለሙ ክምችት የመጨረሻዎቹ ብሎኮች ለአህጉራዊ መዝጋቢዎች የተከፋፈሉት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ነው፤ ለአፍሪካ የሚያድለው አፍሪኒክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ቢበዛ 1,024 አድራሻ ነው። አይፒቪ6 የተትረፈረፈ ቢሆንም ሁሉም ተቀባይ በእርሱ ስለማይቀበል ለኢሜይል ብቻውን አይበቃም። ይህ ሁሉ ሆኖም፣ ግዴታ የሚጣል ከሆነ እኔ የምፈልገው በአቅራቢዎች ላይ እንዲጣል ነው፤ ለጠየቀ ደንበኛ ሁሉ አንድ ቋሚ አድራሻ ከፒቲአሩ ጋር፣ ትንሽ ድርጅት በሚችለው ዋጋ ይስጡ። ፒቲአር ማስገባት የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ደንበኛ ለሳምንታት ደብዳቤ የሚመላለስበት ጉዳይ መሆን የለበትም።

ለኃላፊዎ ሲጽፉ መልእክታችን ስፓም ውስጥ ይገባል ብለው አይጀምሩ፤ እርሱ በሪሌይ ያለ ቋሚ አይፒ ይፈታል፣ ኃላፊዎም ይህን ከሌላ ሰው ሊሰሙ ይችላሉ። መብራት በጠፋ ጊዜ የባንክ ሰነዶቻችን ለማናውቀው ሰው ሊደርሱ ይችላሉ፣ ቢደርሱም አናውቅም ብለው ይጻፉ። ያ እውነት ነው፣ የሚያስወጣውም ገንዘብ ለዚያ ነው።

ቋሚ አይፒውን ለመግዛት ከወሰኑ ከመፈረምዎ በፊት የሚሰጥዎትን አይፒ ራሱን ይጠይቁና በስፓምሃውስ ይፈትሹት። ፒቢኤል ውስጥ ብቻ ካለ አያስደንግጥዎት፤ ፒቲአሩ ሲስተካከል ለኢሜይል ሰርቨር የሚውል ቋሚ አይፒ ነው ብለው ለዚያ አንድ አድራሻ ማስነሳት ይችላሉ። በስፓም መላክ በተመዘገበበት ዝርዝር ውስጥ ካለ ግን የቀድሞው ባለቤት ዕዳ ነውና ሌላ እንዲቀይሩልዎት ይጠይቁ። ፖርት 25 በሁለቱም አቅጣጫ ክፍት መሆኑን፣ ፒቲአሩን ማን በስንት ቀን እንደሚያስገባና አድራሻው ያለ ማስታወቂያ እንደማይቀየር ውሉ ላይ ያስጽፉ። አንድ ቀን መስመሩን የሚለቁ ከሆነም በቅድሚያ ኤምኤክሱንና ኤስፒኤፉን ከዚያ አይፒ ላይ ያንሱ፣ አሮጌው ሪከርድ ከካሽ እስኪወጣ ቢያንስ የቲቲኤሉን ያህል ይጠብቁ፣ የመሰረዣውን ደብዳቤ ከዚያ በኋላ ያስገቡ።